ኮሎራዶ ውስጥ የሆስፒታል ቢል ከመክፈላችሁ በፊት

የሆስፒታል ቢል በፖስታ ሲመጣ አብዛኛው ሐበሻ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ዕዳ አልወድም» ብሎ የእቁብ ብሩን አምጥቶ ባንዴ ይከፍላል፣ ወይ ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ኮሎራዶ ለሚኖር ሰው ሁለቱም ኪሳራ ነው። ስቴቱ ከ2021 ወዲህ ያወጣቸው ሕጎች ለታካሚው ያደላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ጠያቂ ይፈልጋሉ፣ የመጠየቂያው ቅደም ተከተልም ውጤቱን ይለውጠዋል። ስለ ዋጋ ግልጽነት ብዙ ይወራል። በእኔ ግምት ግን መጀመሪያ መያዝ ያለበት የገቢ ቅናሹ ነው፤ ዋጋ ማነጻጸር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቅናሹ የመጣው ኤችቢ 21-1198 በሚባለው ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2022። ሆስፒታሎች «ሆስፒታል ዲስካውንትድ ኬር» ይሉታል፣ ስትደውሉ በዚሁ ስም ጠይቁ። የቤተሰብ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 250 በመቶ ያልበለጠ ሰው ይገባዋል። በ2025 መስፈርት ይህ ለብቻው ለሚኖር ሰው በዓመት 39,125 ዶላር፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 80,375 ዶላር ነው፤ መስመሩ በየዓመቱ ስለሚስተካከል የዘንድሮውን አጣሩ። ኤርፖርት የሚሠራው፣ ነርሲንግ ሆም የሚያድረው፣ ኡበር የሚነዳው ወገናችን ብዙው እዚህ ክልል ውስጥ ነው። «እኔ እኮ እሠራለሁ፣ ይሄ የድሃ ነው» እያለ የሚያልፈውም እሱው ነው። የመኖሪያ ፈቃድ መስፈርት አይደለም።

ኢንሹራንስ የሌለው ታካሚ ለቅናሹ ይበቃ እንደሆነ ሆስፒታሉ ራሱ የማጣራት ግዴታ አለበት፤ ለሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ለሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ይበቃ እንደሆነም አብሮ ያያል። ኢንሹራንስ ያለው ግን ራሱ ካልጠየቀ ማንም አያነሳለትም። ዲዳክተብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪስ የሚወጣው) 5,000 ወይም 6,000 ዶላር የሆነ ርካሽ ኢንሹራንስ የያዘ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፤ ካርድ ስላለው ብቻ ማጣሪያው ያልፈዋል። ሌላ ወጥመድም አለ። ከምዝገባ ወረቀቶቹ መካከል «ማጣሪያውን አልፈልግም» የሚል ቅጽ ይገኛል። ሌሊት ኢመርጀንሲ ውስጥ ታብሌት ላይ «እዚህ ፈርም፣ እዚህም ፈርም» ሲባል የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ ማቅረብ አለበት፣ ልጃችሁን ማስተርጎም አይጠበቅባችሁም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ታክስ ሳይቆረጥ በወር 3,000 ዶላር የሚያገኝ ብቸኛ ሰው እንውሰድ። ሆስፒታሉ በወር ከገቢው ከ4 በመቶ በላይ ሊያስከፍለው አይችልም፣ ማለትም 120 ዶላር። ለብቻው ቢል የሚልክ ሐኪም ካለ ደግሞ እያንዳንዱ እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም 60 ዶላር። የኢመርጀንሲ ሐኪሙና ራጁን ያነበበው ሐኪም ለየብቻ ቢል ከላኩ በድምሩ 240 ዶላር ነው። ትልቁ ነገር ማብቂያው ነው፦ 36 ወር ከተከፈለ በኋላ የቀረው እንደተከፈለ ይቆጠራል። ስለዚህ ቢሉ 40,000 ዶላር ቢልም ለሆስፒታሉ የሚሄደው ቢበዛ 4,320 ዶላር ነው። ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ስቴቱ ለቅናሹ ተጠቃሚዎች የአገልግሎት ዋጋ ጣሪያ ስላስቀመጠ፣ በዚያ ዋጋ ሲሰላ ዕዳው 1,800 ዶላር ቢሆን በ15 ወር ያልቃል።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ስልክ ላይ ነው። ቢሊንግ ክፍል ደውላችሁ «መክፈል አልችልም» ስትሉ «በወር 200 እየከፈልክ ጨርስ» ይሏችኋል፣ እናንተም ተገላገልኩ ትላላችሁ። ያ ተራ ፔይመንት ፕላን ነው፤ የ36 ወር ማብቂያም፣ የገቢ ጣሪያም የለውም። ማጣሪያው መሠራቱን፣ የውሳኔውንም ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቁ። ኡበር የምትነዱ ደግሞ ጠቅላላ ገቢያችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የነዳጅ፣ የኢንሹራንስና የጥገና ወጪ ያለበትን መዝገብ አብራችሁ አቅርቡ። የቢሉን ዕዳ ወደ ክሬዲት ካርድ ማዛወር ከሁሉም የከፋ ነው። የሕክምና ዕዳ በኮሎራዶ ሕግ ወለዱ ከ3 በመቶ አይበልጥም፣ የስቴቱ ሕግም ከ2023 ጀምሮ ክሬዲት ሪፖርት ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ካርድ ላይ ሲገባ ግን ተራ የባንክ ዕዳ ሆኖ ያርፋል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ፋይሉ ውስጥ ለአንድ አገልግሎት ብዙ ዋጋ ታያላችሁ፦ በጣም የተጋነነው የሆስፒታሉ መነሻ ዋጋ፣ ከኪሱ ለሚከፍል ሰው የሚሰጠው ቅናሽ ዋጋ፣ እና እያንዳንዱ ኢንሹራንስ የተደራደረበት ዋጋ። በስም ከመፈለግ በኮድ፣ ማለትም በአገልግሎቱ መለያ ቁጥር፣ መፈለግ ይቀላል። የወገብ ኤምአርአይ ያለ መርፌ 72148፣ የጉልበት ኤምአርአይ 73721፣ ኮሎኖስኮፒ 45378። ሐኪሙ ሲያዛችሁ «ሲፒቲ ኮዱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ ከኢንሹራንስ ዋጋው ይልቅ የካሹ ያንሳል፤ ሆኖም ካሽ ስትከፍሉ ገንዘቡ ዲዳክተብላችሁ ላይ ላይቆጠር ይችላል። ፋይሉ ላይ ያለው የሆስፒታሉ ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ሌላ ቢል ሊልክ ይችላል። ደረቱን እያመመው ኮድ የሚፈልግ የለም፤ ማነጻጸር የሚጠቅመው ቀጠሮ ለሚያዝለት ነገር ነው። ኢመርጀንሲን በተመለከተ ማወቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ ሱቆች መሀል ቆመው «ኢመርጀንሲ» የሚል ምልክት ያላቸው ትንንሽ ሕንጻዎች ኧርጀንት ኬር አይደሉም። ለጉንፋን ገብታችሁ የሆስፒታል ኢመርጀንሲ ዋጋ ይቆጠርባችኋል።

ኢንሹራንስ ከሌላችሁ ወይም ካልተጠቀማችሁበት በፌዴራሉ ሕግ የጽሑፍ የዋጋ ግምት ይገባችኋል። ቀጠሮው ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድሞ ከተያዘ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ፣ 10 የሥራ ቀን ቀድሞ ከተያዘ ወይም ግምቱን ብቻ ከጠየቃችሁ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የመጣው ቢል ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ቢሉ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ባሉት 120 ቀናት 25 ዶላር ከፍላችሁ አቤት ማለት ትችላላችሁ። ወረቀቱን የጣለ ግን የሚከራከርበት የለውም።

ሆስፒታሎች ዋጋቸውን እንዲያወጡ ለሚያስገድደው ደንብ ኮሎራዶ ጥርስ አብቅላለታለች። የፌዴራሉ መንግሥት ደንቡን የጣሰን ሆስፒታል በቀን ይቀጣል፤ በ2022 ጣሪያው በቀን 5,500 ዶላር ነበር፣ ለትልቅ ሆስፒታል ከቁጥር አይገባም። የኮሎራዶው ኤችቢ 22-1285 ግን ሌላ መንገድ ያዘ፦ ታካሚው በታከመበት ቀን የዋጋ ደንቡን ያላሟላ ሆስፒታል ያንን ዕዳ ሊያሳድድ፣ ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ሊልክም ሆነ ሊከስስ አይችልም። አሳድዶ ፍርድ ቤት ከተረታ የተከፈለውን ይመልሳል፣ የዕዳውን ያህል ለታካሚው ይቀጣል፣ የጠበቃውንም ይሸፍናል። ስለዚህ ቀጠሮ ባላችሁ ቀን የሆስፒታሉን የዋጋ ገጽ ከፍታችሁ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት ያዙ። ፋይሉ ከጠፋ፣ ካልተከፈተ ወይም ባዶ ከሆነ ማስረጃ የሚሆናችሁ ያ ነው።

ሆስፒታል ስትገቡ የምትፈርሙት የክፍያ ወረቀት ጉዳይም ኮሎራዶ ውስጥ ተፈትኗል። ዌስትሚንስተር ከተማ ባለ ሆስፒታል በ2014 የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አንዲት ሴት ድርሻቸው 1,337 ዶላር ገደማ እንደሆነ ተነግሯቸው ነበር። ሠራተኛው የኢንሹራንስ ካርዳቸውን አሳስቶ አንብቦ ኖሮ ሆስፒታሉ ኢንሹራንሳቸው የተዋዋለው ኔትወርክ ውስጥ አልነበረም። አጠቃላይ ቢሉ 303,709 ዶላር ሆነ፣ ሆስፒታሉም ከ229,000 ዶላር በላይ ጠይቆ ከሰሰ። መሠረቱ «የሆስፒታሉን ቻርጅ በሙሉ እከፍላለሁ» የሚለው ፊርማቸው ነበር። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2022 ውል ላይ ስሙ እንኳ ያልተጠቀሰ፣ ታካሚው አይቶት የማያውቅ የዋጋ ዝርዝር አያስገድድም ብሎ ፈረደላቸው። ጁሪው እንዲከፍሉ የወሰነው 767 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር።

ሜሪላንድ ያለ ዘመድ ስለ ሆስፒታል ዋጋ የሚሰጣችሁን ምክር በጥንቃቄ ስሙ። እዚያ የሆስፒታል ዋጋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስቴት ኮሚሽን ይተመናል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ብልሃት አውሮራ ላይሠራ ይችላል። ኮሎራዶ ዋጋ የሚወሰነው በድርድር ስለሆነ በሆስፒታሎችና በክሊኒኮች መካከል ውድድር መኖር አለመኖሩ እዚህ ይበልጥ ያሳስባል። ሆስፒታል ትንሽ ክሊኒክ ሲገዛ ክፍሉም ሐኪሙም ያው ሆኖ ቢሉ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ የሐኪሙ፣ ሌላው «ፋሲሊቲ ፊ»፣ ማለትም ሆስፒታሉ ለቦታው የሚያስከፍለው። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለመከላከያ ምርመራ ኢንሹራንስ የማይሸፍነውን ፋሲሊቲ ፊ ከታካሚው መጠየቅ ተከልክሏል። ለሌላው ሕክምና ግን አልተከለከለም፤ ቀጠሮ ስትይዙ «ፋሲሊቲ ፊ አለው?» በሉ። ካለው፣ ሐኪሙ በሆስፒታል ባለቤትነት ሥር ያልሆነ ቦታም ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

ሐኪማችሁ ከክሊኒኩ ከወጣ ደግሞ በ2025 የወጣው ኤስቢ 25-083 የሚባለው የስቴቱ ሕግ ወዴት እንደሄደ ለታካሚዎቹ መናገሩን ይጠብቅለታል። ክሊኒኩ «አናውቅም» ካላችሁ ለራሱ ለሐኪሙ ጻፉለት።