ፔፔ ጸበል ተረጨ

ቨርጂኒያ፣ አንድ የሐበሻ ዴይኬር ውስጥ ነው የምሠራው። ሰፈሩ የኤል ሳልቫዶር ሰው የሞላበት ስለሆነ ወላጆች «ልጆቹ እስፓኒሽም ይልመዱ» አሉ። እኔ ላይ ወደቀ። እስፓኒሽ የተማርኩት ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ሳህን ሳጥብ ነው፤ ግማሹ ልጅ ፊት አይነገርም።

ስለዚህ ፔፔን ገዛሁ። ፔፔ እጅ ከሥሩ የሚገባበት አረንጓዴ የበቀቀን አሻንጉሊት ነው፤ ድምፁ ቀጭን። ሕጉም አንድ ነው፦ ፔፔ ከእስፓኒሽ በቀር አይሰማም። ቁጥሩንም፣ ቀለሙንም፣ ሰላምታውንም በዜማ እናስኬደዋለን። ሕፃን አሻንጉሊት ፊት አያፍርም፤ አንድን ዘፈን ሃያ ጊዜ ቢደግመው አይሰለቸውም። የሚሰለቸው አስተማሪው ነው። «ሮኾ» ብለው ቀይን ሲጠሩ «ኸ»ዋን ያለ ችግር ነው የሚያወጧት፣ የሐበሻ ልጆች አይደሉ? «አጓ» ግን በጄ አላሉም። ውሃ ሲያምራቸው ኩባያ ነው የሚወረውሩብኝ።

አንድ ከሰዓት ምንጣፉ ላይ ሆነን ስንዘፍን የአንዱ ልጅ አያት ሊወስዱት መጡ። ከአገር ቤት ገና መምጣታቸው ነው። በሩን ከፈት ሲያደርጉ እኔ በቀጭን ድምፅ ባልታወቀ ቋንቋ እለፈልፋለሁ፤ ልጆቹ ከበውኝ ያጨበጭባሉ። በዚያ ላይ እንደ ዜማው እወዛወዛለሁ። ሌላ ምን ይመስላቸው?

«በስመ አብ!»

«እማማ ይግቡ፣ እኔ ነኝ» ልል ፈለግሁ። አልኩም። ግን ጉሮሮዬ ከፔፔ አልተላቀቀም ነበርና አማርኛው በበቀቀን ድምፅ ወጣ። የፔፔም አፍ አብሮ ተከፈተ።

እማማ ከቦርሳቸው የሃይላንድ ጠርሙስ አወጡ። ጸበል ነው። ሻንጣቸው ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ጠርሙስ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

«ስምህ ማነው?»

ልጆቹ ባንድ አፍ፦ «ፔፔ!»

«የት ያዝካት?»

የልጅ ልጃቸው ፈጠን ብሎ፦ «ምንጣፉ ላይ።»

«ስንት ሆናችሁ ነው የገባችሁባት?»

ስንት ሲባሉ ልጆቹ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው። «ኡኖ! ዶስ! ትሬስ! ኳትሮ!...» እማማ በየቁጥሩ ይረጩኛል። ዲዬስ ላይ ስንደርስ ሸሚዜ የሚጨመቅ ሆኗል።

«አጓ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ አንዱ። ስለምነው የከረምኩት ልጅ ነው። ወዲያው ሁሉም ተቀበሉት። «አጓ! ማስ! ማስ!» ጨምሩ ማለታቸው ነው። እማማ ሳይነገራቸው ጨመሩ።

«ልቀቃት!»

የራሰውን ፔፔ ልጨምቀው ብዬ ከእጄ መዠረጥኩት። እማማ እልልታውን አቀለጡት። ልጆቹም ደገሙት፤ ሰው እልል ሲል ዝም የሚል ልጅ የለንም።

ማታ የልጁ እናት ደወለች። ሳቋ አላናግር ብሏታል።

«አሻንጉሊት መሆኑን አስረድቻታለሁ፣ ገብቷታል» አለችኝ። «ግን የተጀመረ ጸበል ሰባት ቀን ሳይሞላ አይቋረጥም ብላለች። ነገም ልጁን የምትወስደው እሷ ነች።»