የታችኛው ጫፍ ብርድ

ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱም ጸጥ ብሎ ሲያድር ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ሐሳቤ በቀጥታ ተዳፋት ላይ ወደ ተሠሩት የጽጌረዳ ግሪንሃውሶች፣ ማለትም የላስቲክ ቤቶች ይሄዳል፤ በተለይ እንደ ሆለታ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወዳሉት።

መሐል ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 12 ዲግሪ ካለ ሁሉም ደህና ይመስላል። ቀዝቃዛ አየር ግን ከባድ ነው፤ መደቡን ይዞ ቁልቁል ይወርድና ታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ወደ ላይኛው ጫፍ ይሸሻል። ስለዚህ ላይ፣ መሐልና ታች ሦስት ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ በእንቡጡ ቁመት፣ ከፀሐይ ተከልሎ። አራተኛው ውጭ ይሰቀል። ይህ አራተኛው ቢቀር አልወድም።

ተራ ላስቲክ ሌሊት ከመሬቱ የሚወጣውን ሙቀት አይዝም፤ አንዳንዴ ውስጡ ከውጭው ብሶ ይቀዘቅዛል። ያኔ የታችኛውን የጎን መጋረጃና የላይኛውን መስኮት በትንሹ መክፈት ነው፤ ብርዱ በታች ይወጣል፣ ለብ ያለው የውጭ አየር በላይ ይገባል። ውስጡ ከውጭ ከሞቀ ግን እንዲሁ መክፈት ጉዳት ነው፤ ሙቀቱ በላይ ያመልጥና ብርዱ በታች ይገባል።

ታቹ ደግሞ ይረጥባል። 100 ሜትር የድሪፕ መስመር (ውሃ በጠብታ የሚያጠጣ ጎማ) 3 በመቶ ካዘቀዘቀ የ3 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም የ0.3 ባር የውሃ ግፊት ልዩነት አለው። ቫልቩ ከተዘጋም በኋላ ጎማው ውስጥ የቀረው ውሃ ታች ባሉት ድሪፐሮች፣ ማለትም ማንጠባጠቢያዎች፣ ይፈሳል። ግፊት የሚያስተካክልና ሲዘጋ የማያንጠባጥብ ድሪፐር ዋጋው ቢወደድም እዚህ ቦታ ያዋጣል። የአየሩ እርጥበት 90 በመቶ፣ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ከሆነ፣ እንቡጡ ወደ 10 ሲወርድ ጤዛ ይይዘዋል። ነጭ ጽጌረዳ ጠጋ ብሎ ያየ ያውቀዋል፦ አበባው ጠርዝ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል፣ ዙሪያዋ ቀላ ያለ ነጥብ። ቦትራይቲስ የሚባለው የሻጋታ በሽታ ነው።

ቁልቁለቱን አቋርጦ በየ30 ሜትሩ ግድም ከጣሪያ እስከ መሬት የላስቲክ መጋረጃ ማታ ቢወርድ፣ ቀን ቢጠቀለል፣ የላይና የታቹ ልዩነት ይጠባል። ከግቢው በታች ያለው ጥቅጥቅ ያለ አጥር ግን መሳሳት አለበት፤ ብርዱን እንደ ግድብ ያቁረዋል። አጥር የሚጠቅመው ከላይ በኩል ነው፤ ከተራራው የሚወርደውን ብርድ ወደ ጎን ይመልሳል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ የታቹ መደብ ዘግይቶ ያብባል። ለየካቲቱ የቫለንታይን ገበያ አዲስ አበባ እንዲያወጣ ቅርንጫፉ ቀድሞ ይገረዝ ቢባል፣ በስንት ቀን? በአምናው ብርድ ተቆጥሮ የዘንድሮው ሌሊት ቢሞቅስ?