የእንጨት ፊደል ቀረጻ፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

የድሮ ፖስተር መልክ ያላቸውን ወፋፍራምና ጌጠኛ የላቲን ፊደላት በእንጨት ላይ መቅረጽ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። መነሻዬ የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቢ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሮዝዉድ የተባለው ፎንት ነበር፤ ፎንቱ ሁለት ንብርብር ስላለው ጌጡን በአንድ ቀለም፣ የውስጡን ሙሊት በሌላ ቀለም ማተም ይቻላል። ምንጩን ስከታተል የደረስኩት አሜሪካዊው የእንጨት ፊደል ሠሪ ዊልያም ፔጅ ዘንድ ነው፤ ድርጅቱ በ1874 ባለብዙ ቀለም የእንጨት ፊደላትን የያዘ ራሱን የቻለ የናሙና መጽሐፍ አሳትሟል።

የዚህ ወገን መለያ በፊደሉ አናትና እግር ላይ እንደ ጣውላ የተጋደመው ወፍራም አግድም ሲሆን፣ ስላብ ሰሪፍ ይባላል። ሮበርት ቤስሊ በ1845 በለንደን ባስመዘገበው ክላረንደን በተባለው የፊደል ዓይነት ላይ ይህ አግድም ከቋሚው ጋር የሚጋጠመው በጎባጣ መስመር ነው። እኔ ጎባጣውን ለውበት የተጨመረ ነገር አድርጌ ስለቆጠርኩት በመጀመሪያው ሙከራዬ ተውኩት።

ያንን ሙከራ የሠራሁት በዋንዛ ጣውላ ላይ ሲሆን፣ የእንጨቱ ክሮች ከፊደሉ ቋሚዎች ጋር ትይዩ ሆነው ይወርዱ ነበር። ስለዚህ ወደ ጎን የወጡት አግድሞች አጫጭር ክሮች ብቻ ይዘው ቀሩና ሁለቱ መሮው ገና ሲነካቸው ተሸረፉ። የድሮዎቹ ሠሪዎች ጠንካራውን የሜፕል እንጨት ለምን ተሻግሮ በተቆረጠው ፊቱ እንደሚቀርጹት የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ በዚያ ፊት ላይ ክሮቹ ቆመው ስለሚገኙ ጫፉ በየትኛውም አቅጣጫ እኩል ይጸናል። በሁለተኛው ሙከራ ጎባጣውን መለስኩት፤ የአግድሙን ሥር ስላወፈረው አንድም ጫፍ አልተሰበረም።

ሁለቱን ቀለማት ማገጣጠም ከቀረጻው ይልቅ አድካሚ ሆነብኝ። ወረቀቱ ትንሽ በተንሸራተተ ቁጥር በጌጡና በሙሊቱ መካከል ነጭ ክፍተት ብቅ ይላል። መፍትሔው ሙሊቱን በየጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ማስፋትና ጠቆር ያለው ጌጥ በላዩ እንዲያርፍበት ማድረግ ሆነ።

በመጨረሻ ያንኑ አግድም ለእኛ ፊደል ልሞክረው ብዬ «በ»ን መረጥኩ፤ መምረጤም ስህተቴን ቶሎ አሳየኝ። በቀኝ እግሯ ሥር ወደ ቀኝ የወጣው አግድም «ቢ» አደረጋት። በላቲኑ ጌጥ የሆነው ቦታ በእኛ ዘንድ ድምፅ የሚለይበት ቦታ ነው፤ ግራ እግሯን ባሳጥረው ደግሞ «ባ» ትሆናለች። አሁን የያዝኩት ሙከራ እግሮቹን ወደ ጎን ሳልዘረጋ ወደ ታች ቀስ በቀስ እንዲሰፉ ማድረግ ነው፤ «በ» ከ«ቢ» ተለይታ ትነበባለች፣ የክላረንደኑ ክብደት ግን ገና አልመጣላትም።