የድልህ ጣሳዬ፣ አራተኛ ሙከራ

የድልህ ጣሳ ምስል ወረቀት ላይ ለማተም ያደረግኳቸው ሦስት ሙከራዎች እንዴት እንደከሸፉብኝ ባለፈው ነግሬያችሁ ነበር። አራተኛው ተሳካ። ማለቴ፣ ከ12 ወረቀት 7ቱ ሰው ፊት ይቀርባሉ።

ለአዲሶች ያህል፣ ፖፕ አርት (የሱቅ ዕቃንና ማስታወቂያን ሥዕል የሚያደርገውን ጥበብ) በስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ፍሬም ላይ በተወጠረ ጨርቅ ቀለም አሳልፎ በማተም፣ እየተለማመድኩ ነው። ከሰፈር ሱቅ የቲማቲም ድልህ ገዛሁ። ድልሁ ፓስታ ውስጥ ገባ፣ ጣሳው ለእኔ ተረፈ። ነገሩን ያስጀመረኝ ያው አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሎስ አንጀለስ ውስጥ 32 የካምቤል ሾርባ ጣሳ ሥዕሎችን ለሕዝብ አሳየ። ሥዕሎቹ እንደ ሱቅ ዕቃ ጠባብ መደርደሪያ ላይ ተደርድረው ነበር። እነዚያን የሠራቸው በእጁ ነው። ወደ ስክሪን ፕሪንት የገባው እዚያው ዓመት ውስጥ፣ ትንሽ ቆይቶ ነው። ሰውዬው ከዚያ በፊት ለዓመታት ኒውዮርክ ውስጥ የጫማ ማስታወቂያ ሲሥል ነበር።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አንብቤ አልፌያት ነበር። ጉዴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። እንደ ማስታወቂያ ቀለል ማድረግ ሲገባኝ ሦስቱንም ጊዜ ጣሳውን «ሣልኩት»። ጥላው፣ ብልጭታው፣ ጎኑ ላይ ያለችው ጭርምት ሳትቀር። ሲታተም ሁሉም ተደበላለቀ።

እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ታፔላ የሚጽፉ አንድ ጋሼ አሉ። ሦስተኛውን ይዤላቸው ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀብለው በራቸው ላይ ቆሙና «በል ማዶ ተሻገርና እየው» አሉኝ። ተሻገርኩ። ባጃጅ በመጣ ቁጥር እየከለለኝ አየሁት። የሚታየኝ ቀይ ጭቃ ነው። «ድልህ ነው ወይስ የጫማ ቀለም?» ብለው ከማዶ ጮኹ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ምክራቸው አጭር ነበር። «ጥላውን ተወው። ሦስት ቀለም ይበቃሃል። ፊደሉን አወፍረው።» ጄምስ ሮዘንክዊስት የሚባል የፖፕ አርት ሠዓሊ መጀመሪያ ኒውዮርክ፣ ታይምስ ስኩዌር ላይ ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይቀባ እንደነበር ነገርኳቸው። «ታዲያ ባለሙያ ነዋ» አሉ። ምንም አልገረማቸውም።

ቤት ገብቼ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ብቻ አስቀረሁ። ምን ልጨምር ሳይሆን ምን ላውጣ እያልኩ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። የቲማቲሟ ቅጠል እንኳ ጥቁር ሆነች።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። መብራት ስለማይታመን ምስሉን ስክሪኑ (የተወጠረው ጨርቅ) ላይ የማሳርፈው በፀሐይ ነው። ጨርቁ የሚቀባው ኢመልሽን ብርሃን ሲያገኘው ይደርቃል፤ በምስሉ የተከለለው ግን በውኃ ይታጠባል። መጀመሪያ ብዙ አቆየሁትና ኢመልሽኑ ደርቆ ምስሉ በውኃ አልወጣ አለ። ቀጥሎ ቸኮልኩና ሁሉም ታጥቦ ሄደ። መፍትሔው ካርቶን ነው። ስክሪኑን በካርቶን ሸፍኜ በየ10 ሰከንዱ ትንሽ ትንሽ እየገለጥኩ ሞከርኩ። በጎንደር የቀትር ፀሐይ ለእኔ 50 ሰከንድ ልክ መጣ። የእናንተ ኬሚካል ሊለይ ስለሚችል ራሳችሁ ሞክሩት።

ሌላው ችግሬ ስክሪኑ ወረቀቱ ላይ እየተጣበቀ ጠርዙን ማበላሸቱ ነበር። ከፍሬሙ ሥር በአራቱም ማዕዘን ባለ አንድ ብር ሳንቲም አጣበቅሁ። አሁን ጨርቁ ወረቀቱን የሚነካው ቀለሙን የምገፋበት ጎማ ሲያልፍበት ብቻ ነው። ካለፈ በኋላ «ጠቅ» ብሎ ይነሣል። ያቺን ድምፅ ስሰማ ብቻዬን ሣቅሁ።

ቢጫው ቀደመ፣ ቀይ ቀጠለ፣ ጥቁሩ መጨረሻ ላይ መጣ። ጥቁሩ ከሌሎቹ ጠርዝ አንድ ሚሊሜትር ያህል እንዲያልፍ አድርጌዋለሁ፤ ትንሽ ቢዛነፍም ነጭ ክፍተት አይታይም። አምስቱ ግን ከዚያም በላይ ተዛነፉ። ዋርሆል ጋም መዛነፍ አለ ትሉኝ ይሆናል። የእሱ ያምራል፣ የእኔው ዝም ብሎ ጠማማ ነው።

ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ደርድሬ ሳሰጣቸው እናቴ ወጣች። 12 ጣሳ በረድፍ። «ይሄ ነገር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ መሰለኝ» አለች። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የመላእክቱ ፊት በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ቁልቁል ያየናል። ወዲያው ደንግጣ «ይቅር ይበለኝ! ድልህን ከመላእክት!» ብላ አማተበች። ዋርሆልም ልጅነቱን ፒትስበርግ ውስጥ፣ የቅዱሳን ሥዕል በተደረደረበት ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድስ ያደገ ነው ብላት ማን ሊሰማኝ!

ቀጣዩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ቢጫው ሰፊ ቦታ ላይ ሲሆን ቀለሙ እኩል አልለበስ ብሎኛል። የምታውቁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ከሰባቱ አንዱን ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ግድግዳቸው ላይ በሚስማር መቱትና ራሳቸው ማዶ ተሻግረው አዩት። ሲመለሱ «ፊደሉ አሁንም ቀጭን ነው» አሉኝ።