«ጉርድ ለማንሳት ነው ጀርመን የሄድከው?»

ባለፈው እሑድ አብሮ አደጌ በቴሌግራም ደወለ። ሰላምታው አለቀ፣ የእማዬ ጤና ተነሳ፣ የዶላር ምንዛሪ ተረገመ። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ቆይ ግን፣ አንተ እዚያ የምትማረው በትክክል ምንድን ነው?»

«ፎቶግራፍ።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ፎቶ... ማንሳት?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመት?»

«አራት።»

ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ሰፈራችን ያለው ፎቶ ቤት እኮ ጉርድ በአምስት ደቂቃ አንስቶ፣ አውጥቶ፣ ቆርጦ ይሰጥሃል! ጉርድ ለማንሳት ነው ጀርመን የሄድከው? ስልክ የለህም?»

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይኸው መልሱ፣ ለእሱም እንደሱ ለምታስቡትም። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የምኖረው ኮሎኝ ነው። እንዴት እንደመጣሁ አልነግራችሁም፤ የቪዛ ነገር የሚያወራ ሀበሻ ሞልቷል። እኔ የማወራው ስለ አንዲት በርጩማ ነው።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የፖርትሬት፣ ማለትም የሰው ፊት ማንሳት ትምህርት ጀመርን። አስተማሪው ስቱዲዮው መሐል በርጩማ አስቀመጠና ዞር ዞር ብሎ አየን። አሥራ አራት ነን። ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። «አንተ ተቀመጥ፤ ለመብራት ልምምድ ጥሩ ፈተና ነህ» አለኝ።

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። የተመረጥኩ መሰለኝ! ነጭ ሸሚዜን አስተካከልኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ፣ ፎቶ ቤት እንደለመድኩት ቀና አልኩ። አገጭ ወደ ላይ፣ ሳቅ የለም።

ልጆቹ ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው እንደሚያደርጉት መብራቱን ደረደሩ። ፍላሹ ቦግ አለ። ፎቶው ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ወጣ።

አንድ ሸሚዝ። ሁለት ዓይን። ሌላ ምንም።

ፊቴ የለም። ሸሚዙ ብቻውን በርጩማው ላይ ጉብ ብሏል፣ ከላዩ ሁለት ዓይኖች ይንሳፈፋሉ። ሀበሻ መሐል ቢሆን አንዱ «መብራት ሄደ እንዴ?» ብሎ ይተርበኝ ነበር። እኔም መልሼ እተርበው፣ ተሳስቀን ያልቅ ነበር። እነዚህ ግን ዝም። «ጥቁር» የሚለው ቃል እንዳያመልጣቸው አሥራ ሦስት ሰው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አንዷ «ምናልባት ከበስተጀርባው ጋር ያለው...» ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ያልተሸማቀቀው አስተማሪው ብቻ ነው። «ሞዴሉ ብርሃን ይውጣል። ሁለት ስቶፕ ጨምሩ» አለ። ስለ ግድግዳ ቀለም እንደሚያወራ። (ስቶፕ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው።)

ጨመሩ። ሸሚዙ ነደደ፣ ፊቴ አመድ የተነፋበት መሰለ። ቀነሱ፤ ተመልሼ ጠፋሁ። እንደገና ጨመሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር፤ ብርሃን እንደምውጠው።

ያን ቀን ማታ ትራም ላይ ተቀምጬ ስልኬ ውስጥ ያሉትን የእማዬን የጥምቀት ፎቶዎች አየሁ። ነጠላዋ እንደ በረዶ ነጭ፣ ጥለቱ ክር በክር ይቆጠራል። ፊቷ ግን ከሰል ነው። ሁሉም ላይ። እና እነዚያን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየው ሁሉ ተደባልቆ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ነው የሚፈልገው። ነጠላ የሞላበት ፎቶ ሲያይ «ኧረ ይሄ በጣም ነጣ» ብሎ ሁሉንም ያጨልመዋል። ነጠላው ትንሽ ቢደበዝዝም ነጭ መምሰሉን አያጣም፣ ዕዳውን የሚከፍለው ፊት ነው። በፊልሙ ዘመን ደግሞ ይብስ ነበር። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው በነበረው የቀለም መለኪያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ልክ ነው ተባለ። በኋላ ኮዳክ ቡናማ ቀለም በደንብ እንዲወጣ ፊልሙን ሲያሻሽል ግፊቱ ከማን እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከቸኮሌት አምራቾችና ከእንጨት ዕቃ ሻጮች። የቁም ሣጥኑ ቀለም ተበላሸብን ብለው አቤት አሉ። እኛ በቁም ሣጥን በኩል ተጠቀምን።

ከበርጩማው በኋላ ትምህርቱን ልተወው አስቤ ነበር። ያዳነኝ ጀበና ነው።

ሦስተኛው ሴሚስተር ላይ ስቲል ላይፍ መጣ፣ ማለትም ዕቃ ደርድሮ ማንሳት። ስሰማው እኔም እንደ ጓደኛዬ ነው የሳቅኩት። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ ቃሪያ ቆርቆሮ ፈነል ውስጥ አስቀምጦ ያነሳት ፎቶ ዛሬ በዓለም የታወቀች ናት። ሰውየው ሞዴሎቹን አንስቶ ሲጨርስ ይበላቸው ነበር። ቃሪያ ሆኖ ለዚህ ክብር መብቃት! እኛ ጋ ቢሆን ስንግ ሆኖ ነበር የሚቀርበው።

የቤት ሥራው «ከቤታችሁ አንድ ዕቃ አምጡ» የሚል ነው። ልጆቹ ሎሚ፣ ብርጭቆ፣ የአያት ሰዓት አመጡ። እኔ እህቴ በጋቢ ጠቅልላ የላከችልኝን ጀበና ይዤ ሄድኩ። በአገልግሎት ብዛት ጠቁሮ፣ ሆዱ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ መብራት ከፊት ለቀቅኩበት፣ አነሳሁ።

ጥቁር ቀዳዳ። ያው የኔው ጉርድ።

የስቱዲዮውን ዕቃ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት አሉ። (ጀርመንኛ እንደኛ «አንቱ» ስላለው ደስ ይለኛል፤ ለእሳቸው «አንቺ» ማለት አይሆንልኝም።) ትንሽ ቆመው አዩኝና «ለምን ታፈስበታለህ?» አሉኝ። «ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅ ነገር መብራት ስለጨመርክለት አይታይም። የሚያሳይህ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው። ስለዚህ የሚያየው ነገር ስጠው።»

ከጓዳ ቁመታቸውን የምታህል ነጭ ሰሌዳ እየጎተቱ አመጡ። ከጀበናው ጎን አቆሟት። መብራቱን ከጀበናው ላይ አንስተው ወደ ሰሌዳዋ አዞሩት። በቃ፣ ሌላ ምንም አልነኩም።

ከአንገቱ ጀምሮ አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ወረደች። ሆዱ ላይ ስትደርስ ሰፋች፣ እጀታው ስር ገባችና ጠፋች። ጀበናው ከጨለማው ተነስቶ ቆመ። ጥቁረቱ አልቀነሰም። እንዲያውም ጠቆረ፤ ግን ክብ ሆነ፣ ከበደ፣ ልታነሳው እጅህን ትሰዳለህ።

ሳልናገር ጀበናውን ወለል ላይ አወረድኩት። ጠረጴዛውን ገፍቼ እሱ የነበረበት ቦታ እኔ ቆምኩ። ካሜራውን አሥር ሰከንድ ቆይቶ ራሱ እንዲያነሳ ሞላሁት። ስክሪኑ ላይ ያችው መስመር ከግንባሬ ተነስታ ጉንጬን ይዛ እስከ አገጬ ወርዳለች። የአባቴ የጉንጭ አጥንት እኔ ላይ እንዳለ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። አሮጊቷ «ጉት» (ጥሩ) አሉና ወደ ጓዳቸው ተመለሱ። ጀርመን እንዲህ ነው የሚያመሰግንህ፤ አንዲት ቃል፣ እሷም አጭር።

ጓደኛዬ ስለ ጉርድ ስለጠየቀኝ የጉርዱንም ልንገረው። ዱስልዶርፍ ተምሮ የወጣ ቶማስ ሩፍ የሚባል ፎቶ አንሺ አለ። በ1980ዎቹ ጓደኞቹን እየጠራ ያለ ሳቅ፣ ያለ ምንም ስሜት፣ ፊት ለፊት አነሳቸው። ጉርድ ፎቶ ነው፣ ልዩነት የለውም። ከዚያ ቁመቱን ሁለት ሜትር ከ10 አድርጎ አተመው። ሙዚየም ገባ፣ ስንትና ስንት ተጻፈበት። እኔ ፊቱ ቆሜ የታየኝ ፒያሳ ተቀጥሬበት የነበረው ፎቶ ቤት ነው። «አትሳቅ፣ ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ» የሚለው አለቃዬ የተሸነፈው በወረቀት መጠን ብቻ ነው።

እዚሁ ኮሎኝ ይሠራ የነበረው አውጉስት ዛንደርም አለ፤ ጡብ ተሸካሚውንም ዳቦ ጋጋሪውንም እንደ ባለ ሀብቱ አክብሮ ያነሳ። ናዚዎች አልወደዱለትም፤ በ1936 የመጽሐፉን ማተሚያ ሰሌዳዎች አጠፉበት። እሱንም ሳይ ያው ፎቶ ቤታችን ትዝ አለኝ። ምስማር ላይ የምትሰቀለው አንዲት ኮት፣ ሊስትሮውም ተማሪውም በየተራ የሚለብሳት። የማሊው ሰይዱ ኬይታ ከ1948 ጀምሮ ባማኮ ስቱዲዮው ውስጥ የአልጋ ልብሱን መጋረጃ አድርጎ፣ ሬዲዮና ሰዓት እያስያዘ ሰው ያነሳ ነበር። የእሱን ሥራ ማንም አላሳየኝም፤ ራሴ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነው ያገኘሁት። ለነገሩ እኔም አገሬ እያለሁ አልፈለግኩትም።

ቀጥሎ «ተቀናብሮ የሚነሳ ፎቶ» መጣ። ካናዳዊው ጄፍ ዎል ነፋስ ወረቀት ሲበትን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ለመሥራት ከመቶ በላይ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር ገጣጥሟል፤ 1993 ላይ። አሜሪካዊቷ ሲንዲ ሸርማን ደግሞ ራሷን እንደ ፊልም ተዋናይ እያለባበሰች ሦስት ዓመት ያህል አነሳች። ክፍሉ ሁሉ አፉን ከፍቷል። እኔ በልቤ «ይሄማ የኛ ሙያ ነው» አልኩ።

አትዋሹ፣ ሁላችንም ሠርተነዋል። እኔ ወደ አገር ቤት የላክኳት የመጀመሪያዋ ፎቶ ኤረንፌልድ የሚባል ሰፈር መንገድ ዳር የቆመች የሰው ጥቁር መርሴዲስ ተደግፌ ነው። ጃኬቱ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሬስቶራንት ሰሃን ሳጥብ አድሬ ወደ ቤት እየገባሁ ነበር። ፏ ብያለሁ፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ከታች «ተመስገን» ብዬበታለሁ። ሰፈር ውስጥ ስንት ልጅ ያችን ፎቶ አይቶ ፓስፖርት እንዳወጣ እግዜር ይወቀው።

ለቤት ሥራው ያችኑ ፎቶ ደገምኳት። ያው መንገድ፣ ያው ጃኬት፣ ተመሳሳይ መኪና (በዚህኛው ጊዜ ባለቤቱን አስፈቅጄ)። የቀየርኩት አንድ ነገር ነው። እጄን ከኪሴ አወጣሁና የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋሁት። በሳሙናና በፈላ ውሃ የተላጠ፣ ጣቶቹ ያበጡ። የጀበናውን መብራት ሰጠሁት። ፎቶው ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ተሰቀለ። ያ የበርጩማው አስተማሪ ፊቱ ብዙ ቆመ፤ ምንም አላለም።

ለእማዬም ላክሁላት። መኪናውን አላየችውም፣ ኮሪደሩንም፣ አድናቆቱንም። የድምፅ መልእክት ላከች፦ «እጅህን ምን ሆንክ?»

እዚህ ላይ ጀግና ሆኜ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የፍራንክፈርቱ ሠርግ አለ። አንዲት የኛ ሙሽራ በ400 ዩሮ ቀጠረችኝ። የተማርኩትን ሁሉ አፈሰስኩባት፤ ነጠላው ሳይነድ ፊቷ የቡና ፍሬ መስሎ ወጣ። በሕይወቴ ያነሳሁት ምርጥ ፎቶ ነው። አክስቷ አዩና «ውይ ልጄ፣ ልጃችንን አጠቆርካት እኮ!» አሉ። ሙሽራዋም ቀስ ብላ «ትንሽ ቀላ ብታደርገኝስ?» አለች። ግማሹ ገንዘብ ገና አልተከፈለኝም፣ የቤት ኪራይ ደርሷል። ማታ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ፒያሳ ለዓመታት እንደሠራሁት አቀላኋት። ጀርመኖቹ ፊቴን ያጠፉት ባለማወቅ ነው። እኔ እያወቅኩ ነው።

ልትመጡ የምታስቡ ልጆች ስላላችሁ፣ ቪዛ አላወራም ያልኩትን ላጥፍና ጥቂት ልበል። እዚህ ያሉ የጥበብ ትምህርት ቤቶች ማፐ የሚሉት የሥራ ስብስብ ይጠይቃሉ። የሠርግ ፎቶ ሰብስባችሁ አትላኩ፤ አያዩትም። አያታችሁን፣ ጓዳችሁን፣ ሰፈር ፎቶ ቤታችሁን አንሱ። ብሎክድ አካውንት፣ ማለትም ለቪዛ ገንዘብ የሚታሰርበት የባንክ ሒሳብ ላይ የሚቀመጠው 11,904 ዩሮ (እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ተመን ነው) ብዙ ይመስላል፤ በወር 992 ነው፣ ኪራይ ግማሹን ይበላል። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፤ ሥራው ግን ሰሃን ነው፣ ካሜራ አይደለም። ደግሞ ለመማር የግድ መሰደድ የለም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ተመልሳ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሥርታለች። ፊት ቀብታ የምታነሳቸውን ሴቶች ቆዳ ተመልከቱ፤ ማንም አይጠፋም።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል አብሮ አደጌ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ላከ። ራሱን ነው፣ ሳሎናቸው ግድግዳ ተደግፎ። ለካ እሱም የጀርመን ቪዛ ጀምሯል! «ጉርድ ነው፣ 35 በ45። ባክግራውንዱን ነጭ አርግልኝ፣ ፊቴንም ትንሽ ቀላ። አራት ዓመት ተምረህ ይሄ አያቅትህም።»

ብዙ አየሁት። ፍላሹ ግንባሩ ላይ ፈንድቷል፣ ከጆሮው ጀርባ ወፍራም ጥላ አለ፣ የቀረው ፊቱ ጠፍቷል።

«ወደ መስኮቱ ዙር» ብዬ ጻፍኩለት። «እህትህ በግራህ በኩል ነጭ አንሶላ ዘርግታ ትያዝልህ። እንደገና ተነሳና ላክ።»