የማን እጅ ነው?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲከብደኝ ዋለ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ሲመሽ ጊታሩን አነሳሁ፤ አንድ ዜማ እንኳ ሳልጨርስ ቀጭኗ ክር ተበጠሰች። ተለዋጭ ከመፈለግ ይልቅ የስልኬን መብራት በጊታሩ ሆድ ውስጥ ማብራት ጀመርኩ።

አናቱ ላይ «ሲልቨርቶን» ይላል። በዚህ ስም የሚጠራ ጊታር ሠሪ ግን ኖሮ አያውቅም። ሲርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር ሌሎች የሠሩትን በካታሎግ ይሸጥበት የነበረ ስም ነው። ውስጥ፣ ከጀርባው እንጨት ላይ፣ በደበዘዘ ማኅተም «ኤፍ» የሚል ፊደልና 61 ቁጥር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ተሠርቷል ማለት ነው። እንዲህ አድርጎ የሚያትመው የቺካጎው ሃርመኒ ነበር። ሲርስ ይህን ፋብሪካ በ1916 ገዝቶት ነበር፤ መልሶ ከሸጠው በኋላም ደንበኝነቱን አላቋረጠም። ከሲልቨርቶን ኤሌክትሪክ ጊታሮች ብዙዎቹ ደግሞ የኒው ጀርሲው ዳንኤሌክትሮ ሥራ ናቸው። ድምፅ መቀበያቸው የተቀመጠው በሊፕስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው፤ አዎ፣ ሴቶች በቦርሳ በሚይዙት ዓይነት። ስሙ ቢፋቅም ያ ቱቦ አሳባቂ ነው።

እማ ይህን ሙያ ያለ መብራት ትችልበታለች። ሠርግ ቤት ወጡን አንዴ ቀምሳ «ይህ የእትዬ እከሊት እጅ ነው» ትላለች፤ ደጋሿ ሌላ ብትሆንም። በቁሌቱ ነው? በኮረሪማው? አንድ ጊዜ ብጠይቃት «ኧረ ያስታውቃል!» ብላኝ አረፈች። እንግዲህ ማስረዳቷ ነው።

ክሩን ልፈልግ ወደ ማድ ቤት ስገባ ዓይኔ በርበሬ መያዣው ቆርቆሮ ላይ አረፈ። «የእማ በርበሬ» ይላል፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ። እማ የላከችው ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ከሱቅ እየገዛሁ እዚያው እሞላበታለሁ። እንግዶች ወጡን ቀምሰው «የእናት ነገር!» ሲሉ፣ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ «ምን ይደረግ፣ ትልክልኛለች» እላለሁ። ለካ ሲርስ እኔ ነኝ። ካታሎግ ብቻ ነው የቀረኝ።

ክሩን አላገኘሁትም። እማ ደግሞ ለፋሲካ ትመጣለች። ቆርቆሮውን ልደብቀው ወይስ ጽሑፉን ልፋቀው?