ፎቶ ኮፒ ቤቴን ወደ ሊኑክስ ሳዛውር

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አጠገብ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ከወረቀት ቀጥሎ የሚያየው ፍላሽ ነው። በምረቃ ሰሞን በቀን ስንቱን እንደምሰካ ቆጥሬ አላውቅም፤ ያችን ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት አድርጋ የምትቀመጥ ቫይረስ ያልያዘ ሲመጣልኝ ግን ይገርመኛል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ጠፍቶባት ዐይኗ እንባ አቅርሮ ገባች። አይዞሽ አልኳትና ፍላሹን ጥግ ላይ ባለው፣ ለሙከራ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው) በጫንኩበት ኮምፒውተር ሰካሁት። ስም የሌለው አንድ ፎልደር አለ። ከፈትኩት፤ ሁሉም ፋይል እዚያ ነው። ቫይረሷ ለዊንዶውስ የተሠራች ስለሆነች ሊኑክስ ላይ ሞታ ነው የምትታየው፤ ፋይሎቹ ላይ የለጠፈችውን የ«ደብቅ» ምልክትም ሊኑክስ ከቁብ አይቆጥረውም። «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። ምንም አላደረግሁም።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «እኔም ልቀይር እንዴ?» ይለኛል፤ በተለይ ጥቅምት 4 ቀን 2018 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ካበቃ በኋላ። የኔ ሦስት ኮምፒውተሮች ዩዝድ የገዛኋቸው፣ ፎርዝ ጄኔሬሽን፣ ባለ 4 ጊጋ ራም ናቸው። ዊንዶውስ 11 በወጉ አይቀበላቸውም። በየስድስት ወሩ ፎርማት እያስደረግሁ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ማስጫንም ሰልችቶኝ ነበር።

የትኛው ሊኑክስ ይሻላል በሚለው ብዙ አትድከሙ። ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ እትም ውሰዱ። 22ኛው እትም እስከ ፈረንጆቹ 2029 ዝማኔ ያገኛል። ኡቡንቱም ጥሩ ነው፤ የኔዎቹን ኮምፒውተሮች ግን ከበዳቸው። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ቀይሩት፤ ከምርጫው ሁሉ በላይ ለውጥ የሚታየው በዚህ ነው።

የሚወርደው ፋይል ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። እኔ በሌሊት ጥቅል ሳወርድ ሁለቴ ተቋረጠብኝ፤ ጠዋት ላይ «ወርዷል» ቢለኝም ጎደሎ ኖሯል፤ እየተጫነ መሀል ላይ እየቆመ አንድ ሙሉ ቀን አቃጠለኝ። ስለዚህ የሚንት ድረ ገጽ ላይ ያለውን ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ካወረዳችሁት ፋይል ጋር ሳታመሳክሩ አትነሡ። ከዚያ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፉት፤ ግን ወዲያው አትጫኑት። ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሥታችሁ ምንም ሳትነኩ ተጠቀሙበት። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፁ ይወጣል? ፕሪንተሩ ያትማል? የአንዱ ኮምፒውተሬ ዋይፋይ አልሠራ ሲል ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አያይዤ ኢንተርኔት ሰጠሁት፤ ድራይቨሩን፣ ማለት ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ራሱ ፈልጎ አመጣ። ኤችፒዋ ፕሪንተር እንደሰካኋት አተመች። ሌላኛዋ (ስሟን አልጠራም) ሦስት ቀን አንከራትታኝ ድራይቨሯ ከአምራቹ ገጽ ላይ ተገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አማርኛው ልምጣ።

ከሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም (ስሙ ራሱ ምርቃት ይመስላል) ኤም17ኤን ከሚባለው ተጨማሪው ጋር ጫኑ፤ ከዚያ ወጥታችሁ ግቡ። አማርኛን ስትመርጡ «ሴራ» የሚል ነገር ታያላችሁ። አትደንግጡ፣ ተንኮል የለበትም፤ ግዕዝን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት ስም ነው። ትንሿ ቲ ት ናት፤ ሺፍት ይዛችሁ ስትመቷት ጥ ትሆናለች። ትንሿ ኤስ ስ፣ ትልቋ ኤስ ጽ። ሁለቱን ነጥብ ሁለቴ ስትመቱ አራት ነጥብ ይወጣል። ጣቴ ከለመደው ፓወር ግዕዝ እስኪላቀቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ረዳቴ በሦስት ቀን ጨረሰችው፤ ልጅነት ጥሩ ነው።

የድሮው ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን አንድ የአቋቋም መምህር ፍላሻቸውን በመሐረብ ቋጥረው መጡ። ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ የማኅሌት ሥርዓት ነው፤ ለበዓሉ እንዲባዛ ይፈልጋሉ። ስከፍተው ስክሪኑ ሙሉ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ፐርሰንት ሆነ።

«ልጄ፣ ይሄ የማን ቋንቋ ነው?»

«የኔታ፣ ጽሑፉ አለ፤ ልብሱ ነው የጠፋው። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚግባቡበት የዓለም ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ፎንት ሠሪዎቹ ፊደላችንን በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው «ኤ» ብሎ ነው፤ ፎንቱ ግን በዓይናችን ፊት «ሀ» አድርጎ ያለብሰዋል። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል። እኔም የድሮውን ፎንት ካልተቀየረው ኮምፒውተሬ ቀድቼ ሊኑክሱ ላይ ጫንኩት፤ ፋይሉን ስከፍተው ማኅሌቱ እንዳለ ተመለሰ። የኔታ አማተቡ።

ለማተም ይህ ይበቃል። እሳቸው ግን ለደቀ መዛሙርቱ በቴሌግራም እንዲላክላቸውም ፈለጉ፤ ለዚያ በዩኒኮድ መጻፍ አለበት። 11 ገጽ ነው፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እያዩ ተየብኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «‹ንጉሥ›ን በእሳቱ ሰ ጻፍሽው?» ከቁጥር 1 በስተግራ ያለችውን፣ ማንም የማይነካትን ቁልፍ ከኤስ በፊት ስትመቱ ንጉሡ ሠ እንደሚመጣ ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው። ኅም የምትገኘው በዚሁ መንገድ ነው። የኔታ ከሊኑክሱ ይልቅ በዚች ቁልፍ ነው የተደሰቱት።

ስለዚህ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት ከምንም አስቀድማችሁ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጉ። ፎቶና ዶክመንት ሁሉም ሰው ያስታውሳል፤ ፎንት ግን የሚታወሰው ዊንዶውሱ ከጠፋ በኋላ ነው። ኒያላ የሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንትም ተጭኖ ከሆነ የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነው። ተማሪ በኒያላ የጻፈውን ወርድ ሊብሬኦፊስ (የሊኑክሱ የወርድ ምትክ) ላይ ስትከፍቱት ፎንቱ ከሌለ ኖቶ የሚባል ሌላ ፎንት ይተካዋል፤ መስመሩ ይረዝማል፣ ገጹ ይገፋል። 60 ገጽ የነበረ ጽሑፍ 63 ሆኖብኝ ማውጫው ሁሉ ተዛብቷል። አሁን በር ላይ «ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አምጡ» ብዬ ለጥፌያለሁ፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

ሒሳባችሁን በፒችትሪ የምትሠሩ ለጊዜው ይቅርባችሁ። ጉርድ ፎቶ የምታነሡ ጊምፕ ይበቃችኋል፤ እጃችሁ እስኪለምድ ግን ፎቶሾፕን እየናፈቃችሁ አንድ ወር ትከርማላችሁ። እኔ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ሙሉ በሙሉ ቀየርኩ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይዟል፣ ሲነሣ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል።

ይኼ ሦስተኛው አንድ ጠባይ አለው። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚያስቀምጠው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ከሊኑክስ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትከፍቱ፣ በተለይ ኢንተርኔት ከሌለ፣ ሰዓቱ በ3 ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ቀን ረዳቴ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገባች። የት ቆየሽ ብላት ዊንዶውሱን ከፍታ ስክሪኑን አሳየችኝ፤ 6 ይላል፣ በኛ ገና 12 መሆኑ ነው። «እንዲያውም ቀድሜሽ ነው የገባሁት» አለችኝ። ማስተካከያው ሊኑክሱ ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት። በዚያው ቀን አስተካከልኩት።